ሮማዊው ለምን እንደ እንግሊዛዊ ይናገራል? አያቶቻችንስ በፊልም ላይ በማን አፍ ይናገሩ?

እስቲ ስለ አንድ ነገር እንነጋገር። የጥንት ዘመንን የሚያሳይ የሆሊውድ ፊልም ስንከፍት ንጉሡም፣ የጦር አዛዡም፣ ዳኛውም ብዙ ጊዜ እንደ እንግሊዝ መኳንንት ነው የሚናገሩት። አገሩ ሮም ይሁን፣ ግብፅ ይሁን፣ ግሪክ ይሁን ለውጥ የለውም። እኛም ለምደነው «ለምን?» ብለን አንጠይቅም። ነገር ግን የዛሬ 2000 ዓመት እንግሊዝኛ የሚባል ቋንቋ አልነበረም። የሮም ወታደር በላቲን ይታዘዝ ነበር፤ በምሥራቁ የሮም ግዛት ነጋዴውና ጸሐፊው በግሪክኛ ይግባባ ነበር፤ በኢየሩሳሌም ገበያ ደግሞ አራማይክና ዕብራይስጥ ነበር የሚሰማው። ታዲያ ያ የእንግሊዝ አነጋገር ከየት መጣ?

መልሱ አጭር ነው፤ ሰው መርጦት ነው። በታሪክ ፊልም ውስጥ ተዋናዩ የሚናገርበት ዘዬ፣ ማለትም አክሰንት ወይም እዚህ አገር ሚቭታ የምንለው፣ ከታሪክ ተቀድቶ የመጣ ሳይሆን ፊልሙን የሠሩት ሰዎች የወሰኑት ነው። ያ ውሳኔ ደግሞ ለተመልካቹ በጆሮው ሹክ የሚለው ነገር አለ፦ ይሄ የኛ ሰው ነው፣ ያ ባዕድ ነው፤ ይሄ አዋቂ ነው፣ ያኛው የዋህ ነው። ይህ የፊልም አፍቃሪዎች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በመጽሔታችን ላይ ቦታ መያዝ ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን የወላጆቻችን ጉዞ ራሱ ታሪክ ሆኖ በፊልም መሠራት ከጀመረ ቆይቷል። አያቶቻችን በስክሪን ላይ በማን አፍ ይናገሩ? ጥያቄው ይሄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በዮርዳኖስ መሻገሪያ

ሰውን በአነጋገሩ መለየት ከፊልም በፊት የነበረ ነገር ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ላይ ያለውን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። የገለዓድ ሰዎች ከኤፍሬም ሰዎች ጋር ተዋግተው ካሸነፉ በኋላ የዮርዳኖስን መሻገሪያ ያዙ። ሸሽቶ የመጣ ሰው ሁሉ ኤፍሬማዊ መሆን አለመሆኑን ይጠየቃል። «አይደለሁም» ካለ «ሺቦሌት» እንዲል ያዙታል። ኤፍሬማውያን ያንን ድምፅ ማውጣት ስለማይሆንላቸው «ሲቦሌት» ይላል። በዚያች አንዲት ድምፅ ማንነቱ ይታወቃል፣ ይገደላልም። መጽሐፉ ከኤፍሬም የሞቱትን 42,000 ያደርሳቸዋል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ወገኖች እስራኤላውያን ነበሩ፣ ቃሉንም ሁለቱም ያውቁታል። የለያቸው አንድ ድምፅ ነው።

ፊልም እንደዚያ ሰይፍ አይመዝም። ቢሆንም እንደ ዮርዳኖስ ጠባቂዎች ተመልካቹ ሰውን በድምፅ እንዲለይ ያለማምደዋል። እንዴት እንደሚያለማምደው በሁለት የታወቁ ፊልሞች እንይ።

ሮማውያኑ እንግሊዞች፣ አይሁዶቹ አሜሪካውያን

«ቤን ሁር» የተባለው ፊልም በ1959 ወጣ። ታሪኩ በሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን በኢየሩሳሌም ስለሚኖር ይሁዳ ቤን ሁር ስለሚባል አይሁዳዊና የልጅነት ጓደኛው ስለነበረው ሮማዊው መሳላ ነው። ዳይሬክተሩ ዊልያም ዋይለር በአልዛስ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነበር። ዋይለር ተዋንያኑን ሲመርጥ ሮማውያኑን በአብዛኛው ከብሪታንያ በኩል የመጡ ተዋንያን፣ አይሁዶቹን ደግሞ አሜሪካውያን እንዲጫወቷቸው አደረገ። ቤን ሁርን የተጫወተው ቻርልተን ሄስተን አሜሪካዊ ነው፤ እናቱንና እህቱን የተጫወቱትም አሜሪካውያን ናቸው። መሳላን የተጫወተው ስቲቨን ቦይድ ግን የሰሜን አየርላንድ ተወላጅ፣ የሮሙን አዛዥ አርየስን የተጫወተው ጃክ ሃውኪንስ ደግሞ እንግሊዛዊ ነው።

ይህ ለአሜሪካ ተመልካች ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር። አሜሪካ ራሷ ከብሪታንያ ንጉሥ አገዛዝ በጦርነት የወጣች አገር ናት። በአሜሪካዊ ጆሮ የእንግሊዝ አነጋገር የገዢ ድምፅ ነው፤ የራሱ አነጋገር ደግሞ ነፃነቱን የሚፈልግ የተራ ሰው ድምፅ። ስለዚህ አንድም ሰው ሳያስረዳው ገና ከመጀመሪያው ከአይሁዶቹ ጎን ይቆማል። ፊልሙ 11 ኦስካር ተሸለመ።

በዚህ ፊልም ውስጥ ለኛ ቅርብ የሆነች አንዲት ተዋናይም አለች። አስቴርን የተጫወተችው ሃያ ሃራሪት በሃይፋ የተወለደች እስራኤላዊት ናት። በእንግሊዝኛዋ ላይ የራሷ አገር ቃና ይሰማል። ነገሩ ያስገርማል፤ ስለ ጥንቷ ይሁዳ በተሠራ ፊልም ውስጥ ለአሜሪካዊው ጆሮ የውጭ አገር ሰው የምትመስለው ከዚችው ምድር የበቀለችው ሴት ሆነች!

በዓመቱ፣ በ1960፣ «ስፓርታከስ» ተከተለ። በዚህኛው የሮም ሴናተሮችን ሎረንስ ኦሊቪየና ቻርልስ ላውተን ተጫወቱ፤ ሁለቱም እንግሊዞች ናቸው። በባርነት ላይ የተነሡትን ስፓርታከስንና አንቶኒነስን ደግሞ ኪርክ ዳግላስና ቶኒ ከርቲስ ተጫወቱ። እነዚህ ሁለቱ በስደት አሜሪካ የገቡ አይሁዶች ልጆች ናቸው። ዳግላስ ሲወለድ ስሙ ኢሱር ዳንየሎቪች ነበር፤ ከርቲስ ደግሞ በርናርድ ሽዋርትዝ። ስማቸውን ለሥራ ሲሉ ለወጡት፤ የከርቲስ የኒው ዮርክ ሰፈር አነጋገር ግን በፊልሞቹ ላይ እየሾለከ ይሰማ ስለነበር ብዙ ተቀልዶበታል። እርግጥ ደንቡ እንደ ብረት የጠበቀ አልነበረም፤ ባሪያይቱን ቫሪንያን የተጫወተችው ጂን ሲመንስ እንግሊዛዊት ናት። ልማዱ ግን ቀረ። ከዚያ በኋላም ክፉ ንጉሥ ሲመጣ የእንግሊዝ አነጋገር ይዞ መምጣቱ የተለመደ ሆነ።

ዘዬውን የጣለ ገዢ

ዘዬ የሥልጣን ነገር መሆኑን በደንብ የሚያሳየን ደግሞ የሶቪየት ሲኒማ ነው። ስታሊን ጆርጂያዊ ነበር። ሩሲያኛን የተማረው በልጅነቱ ቢሆንም እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ የጆርጂያ ዘዬ አልለቀቀውም። በፊልም ለብዙ ዓመታት እሱን ሆኖ የተጫወተው ሚኬይል ጌሎቫኒ ራሱም ጆርጂያዊ ስለነበር በዚያው ዘዬ ነበር የሚናገረው። በ1948 «ሦስተኛው ምት» የተባለ የጦርነት ፊልም ሲወጣ ግን ስታሊንን የተጫወተው አሌክሴይ ዲኪ የተባለ ሌላ ተዋናይ ነው። ዲኪ በስታሊን ዘመን ለዓመታት ታስሮ የተፈታ ሰው ነው። እሱ የተጫወተው ስታሊን የጆርጂያ ቃና የሌለበት፣ ጥርት ያለ ሩሲያኛ ይናገራል። ዲኪም በስታሊን ስም የተሰየመውን ሽልማት አገኘ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በአገሩ ሁሉ ላይ የሚያዝዘው ሰው ከዳር አገር የመጣ መሆኑ በስክሪን ላይ ከአፉ ተጠርጎ ጠፋ።

በዘመናችን ደግሞ የተገላቢጦሽ ተሠርቷል። በ2017 በወጣው «የስታሊን ሞት» በተባለው አስቂኝ ፊልም ተዋንያኑ የሩሲያ ዘዬ ለማስመሰል አልሞከሩም። ስታሊን እንደ ለንደን ሰፈር ሰው፣ ክሩሽቾቭ እንደ አሜሪካዊ፣ ማርሻል ዙኮቭ እንደ ሰሜን እንግሊዝ ሰው ይናገራሉ። በ2019 የወጣው «ቼርኖቤል» የተባለ ተከታታይ ፊልምም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው ክሬግ ሜዚን ያቀረበው ምክንያት መልካም ምክንያት ነው፦ ተዋናይ የሩሲያ ዘዬ ላስመስል ብሎ ሲጨነቅ ሰውየውን መጫወቱን ትቶ ዘዬውን መጫወት ይጀምራል።

እዚህ ላይ ትልቅ ቁም ነገር አለ። ሰው በገዛ ቋንቋው ከገዛ ወገኖቹ ጋር ሲያወራ የባዕድ ዘዬ የለውም። ሩሲያዊ ከሩሲያዊ ጋር ሲያወራ «ይሄ ሰው የሩሲያ አክሰንት አለው» የሚለው የለም። ዘዬ የሚሰማው የሌላ ሰው ቋንቋ ሲናገር ነው። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚያወራን ሰው በተሰባበረ ዘዬ የሚያናግር ፊልም ያንን ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ አድርጎታል ማለት ነው።

ሳላህ ሻባቲ በቤቱ

የዚህ አገር ሲኒማም ከዚህ አላመለጠም። በ1964 ኤፍራይም ኪሾን «ሳላህ ሻባቲ»ን ሠራ። ታሪኩ መንግሥት በተቋቋመ ሰሞን ከምሥራቅ አገር ስለመጣ የብዙ ልጆች አባት ነው። ሰውየው በመዓባራ፣ ማለትም በአዲስ ገቢዎች ጊዜያዊ ሰፈር፣ ቤት እስኪያገኝ ይንገላታል። ፊልሙ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጠለት፤ ያኔ የአገሩ ሕዝብ ቁጥር ከሁለት ሚሊዮን ተኩል ብዙም የሚበልጥ አልነበረም። ለኦስካር የታጨ የመጀመሪያው የእስራኤል ፊልምም እሱ ነው።

ሳላህን የተጫወተው ሃይም ቶፖል ግን በቴል አቪቭ ከአሽከናዚ ቤተሰብ የተወለደ፣ ዕድሜው ገና 30 ያልሞላ ወጣት ነበር። የሚናገርበት ዘዬ የየመንም፣ የኢራቅም፣ የሞሮኮም አይደለም፤ ከሁሉም ቆንጠር ቆንጠር ተደርጎ የተሠራ ነው። ፊልሙ ባለሥልጣኑንም፣ ኪቡጹንም ይተርባል፤ ሳላህም ከብዙዎቹ የበለጠ ብልጥ ሆኖ ነው የሚወጣው። ይህንን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከምሥራቅ አገሮች የመጡ ብዙ ሰዎች «ተሳቀብን» ብለው ማዘናቸውም እውነት ነው። አንድ የባግዳድ ወይም የሰንዓ አባወራ እቤቱ በዓረብኛ ሲናገር ምሳሌ የሚደረድር፣ ነገር የሚያውቅ፣ ሰው የሚያስታርቅ ሊሆን ይችላል። ፊልሙ ያንን አያሰማንም። የሚያሰማን የተሰባበረ ዕብራይስጡን ብቻ ነው።

ኪሾን ራሱ በ1949 ከሃንጋሪ የመጣ አዲስ ገቢ ነበር፤ የሃንጋሪ ዘዬውም ከአፉ አልጠፋም። እሱ ግን የዕብራይስጥ ጸሐፊ ሆነ። በጽሑፍ ላይ ደግሞ ዘዬ አይሰማም። የሳላህ ዕጣ ፈንታ በአፉ ብቻ መታወቅ ነበር።

ወደ ራሳችን ስንመጣ

እንግዲህ ስለ ቤተ እስራኤል ጉዞ የተሠሩትን ፊልሞች በዚህ ዓይን፣ ወይም በዚህ ጆሮ ልበል፣ እንያቸው።

በ2005 የወጣው የራዱ ሚሃይሌያኑ ፊልም፣ በፈረንሳይኛ ርዕሱ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደማለት ነው፣ በሱዳን ካምፕ ይጀምራል። አንዲት ክርስቲያን እናት ልጇ እንዲተርፍ ብላ በኦፕሬሽን ሙሴ ከሚወጡት አይሁዶች ጋር ትልከዋለች። ልጁ በእስራኤል ሽሎሞ ተብሎ ያድጋል። በፊልሙ ውስጥ አማርኛም፣ ዕብራይስጥም፣ ፈረንሳይኛም አለ፤ እያንዳንዱ ቋንቋ ቦታውን ይዞ ይነገራል። ሽሎሞ ከአንድ ቄስ ጋር ሆኖ ለእናቱ በአማርኛ ደብዳቤ ሲያስጽፍ የልጁ ልብ የሚከፈተው በዚያ ቋንቋ ነው። ትልቁን ሽሎሞ የተጫወተው ሲራክ ሳባሃት ራሱ በኢትዮጵያ ተወልዶ በኦፕሬሽን ሰሎሞን የመጣ ልጅ ነው።

በ2019 በኔትፍሊክስ የወጣው «የቀይ ባሕር ጠላቂዎች ሪዞርት» ደግሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሞሳድ በሱዳን ጠረፍ በአሩስ የከፈተውን የይስሙላ መዝናኛ ያሳያል። የፊልሙ ዋና ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። የሞሳዱን መሪ የተጫወተው ክሪስ ኤቫንስ በአሜሪካዊ አነጋገሩ እንደልቡ ይናገራል። ከበደ ቢምሮ የተባለውን ኢትዮጵያዊ መሪ የተጫወተው ማይክል ኬ. ዊልያምስ የብሩክሊን ተወላጅ ቢሆንም በተሠራ የአፍሪካ ዘዬ ነው የሚናገረው። ሁለቱ ተዋንያን አሜሪካውያን ናቸው፤ ሁለቱ ገጸ ባሕርያት ደግሞ አሜሪካውያን አይደሉም። አንዱ ዘዬ ሲለብስ አንዱ ግን አልለበሰም። ብዙ ተቺዎችም ፊልሙን የወቀሱት የኢትዮጵያውያኑ ድምፅ በገዛ ታሪካቸው ውስጥ አነሰ ብለው ነው። የከበደ ገጸ ባሕርይ የተቀዳው ከፈረደ አክሉም ነው። ፈረደ ከትግራይ የወጣ፣ ትግርኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ነበር። በወገኖቹ መካከል ሲናገር የነበረውን ሞገስ ከፊልሙ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየችን ደግሞ የራሳችን ልጅ አለምወርቅ ዳቪድያን ናት። በኢትዮጵያ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ እስራኤል መጥታ፣ በ2018 «ዔጽ ተኤና»ን፣ ማለትም «የበለስ ዛፍ»ን ሠራች። ታሪኩ በእርስ በርስ ጦርነቱ መጨረሻ በአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ለመሄድ ስለምትዘጋጅ ሚና ስለምትባል አይሁዳዊት ልጅና ለውትድርና እንዳይታፈስ ስለሚደበቀው ወዳጇ ነው። ፊልሙ በኢትዮጵያ ተቀረጸ፣ በአማርኛም ተነገረ። ተመልካቹ ዕብራይስጡን ወይም እንግሊዝኛውን ከስር ያነባል። ሰዎቹ ሲጣሉም፣ ሲቀልዱም፣ ሲያለቅሱም በገዛ አፋቸው ነው። ዘዬ የሚባል ነገር ትዝ አይልህም፤ ሰው ነው የምታየው።

ከ«ቀ» እና ከ«ዐ» ጋር ያለን ጉዳይ

አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። ስለ ቤተ እስራኤል ሲነገር ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ የነበረ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ከጎንደር በኩል የመጡት አማርኛ፣ ከትግራይ በኩል የመጡት ትግርኛ ይናገሩ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ በቋራና በአካባቢው የአገው ቋንቋ ይነገር ነበር፤ በቄሶቻችን ጸሎት ውስጥ ከግዕዙ ጋር የአገው ቃላት ዛሬም አሉ። ስለ ሱዳን መንገድ ፊልም የሚሠራ ሰው ይህንን ካላወቀ የሽሬውን ሽማግሌ በአዲስ አበባ አማርኛ ያናግረዋል። ይሄም ያው የሮማዊው ነገር ነው።

የሚያኮራም ነገር አለ። በአማርኛ «ሀ» እና «ሐ»፣ «አ» እና «ዐ» በጽሑፍ እንጂ በድምፅ አይለዩም። ትግርኛ ግን ለይቶ ይጠራቸዋል። እነዚህ «ሐ» እና «ዐ» የዕብራይስጥ «ሔት» እና «ዓይን» ዘመዶች ናቸው። በእስራኤል ሬዲዮ የመጀመሪያ አሥርተ ዓመታት ዜና አንባቢው እነዚህን ሁለት ፊደላት ከጉሮሮው እንዲያወጣ ይጠበቅበት ነበር፤ ትክክለኛው አነጋገር እሱ ነው ተብሎ ስለሚታመን። ዛሬ አብዛኛው እስራኤላዊ አይለያቸውም። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጸ» ደግሞ በአማርኛም በትግርኛም ፈንዳ ብለው ይወጣሉ። ብዙ የሴም ቋንቋዎች ተመራማሪዎች በጥንት ዕብራይስጥ «ጤት»፣ «ቆፍ» እና «ጻዲ» እንዲህ ሳይነገሩ አልቀሩም ይላሉ።

ስለዚህ አንዲት አያት በዕብራይስጥ «ጦቭ» ስትል «ጠ»ዋን፣ «ቆል» ስትል «ቀ»ዋን ብታፈነዳ፣ ልጆቹ ከመሳቃቸው በፊት ይህንን ይወቁ። በቤን ሁር ዘመን በኢየሩሳሌም ይሰማ ከነበረው ድምፅ ጋር ከቻርልተን ሄስተን አፍ ይልቅ የሷ አፍ ሳይቀርብ አይቀርም።

ምን እናድርግ?

በየዓመቱ በኢያር 28 ቀን በሄርዝል ተራራ በሱዳን መንገድ ያለቁትን ወገኖቻችንን እናስባለን። ወደ 4,000 ይሆናሉ ይባላል። በዚያ ሰሞንና በሲግድ ጊዜ ወጣቶቻችን አጫጭር ድራማና ቪዲዮ ያዘጋጃሉ። ጥሩ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አያትን የሚጫወተው ልጅ ጋቢ ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ፣ የተሰባበረ ዕብራይስጥ ይናገራል፤ አዳራሹም ይስቃል። ሳቁ ክፋት የለውም፤ ከፍቅርም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሽማግሌው በዚያ መንገድ ላይ ቤተሰብ ይዞ፣ ሌሊት እየተጓዘ፣ የሞተ እየቀበረ፣ ሰው እያጽናና ሲናገር ዕብራይስጡ የተሰባበረ አልነበረም። በገዛ ቋንቋው ነበር የሚናገረው፤ ያም ቋንቋ ሙሉ ነበር።

ስለዚህ ታሪካችንን ለመድረክም ለፊልምም ስታዘጋጁ እነዚህን ነገሮች አስቡ። መጀመሪያ፣ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይናገሩ፤ ትርጉሙን ከስር ጻፉት። ቋንቋውን የሚችል ተጫዋች ከጠፋ ደግሞ ጥርት ባለ ዕብራይስጥ ይናገሩ፤ ዘዬ አታልብሷቸው። ዘዬው ይሰማ ከተባለ ቦታው ሽማግሌው ከውጭ ሰው ጋር ሲነጋገር ነው፤ ያኔ እውነት ነውና ያምርበታል። ቀጥሎ፣ የምትጫወቱት ሰው ከየት አገር እንደሆነ ጠይቁ፤ ከወገራ ነው፣ ከስሜን ነው፣ ከሽሬ ነው፣ ከወልቃይት ነው? አነጋገሩ ከዚያ ይነሣል።

ከሁሉም በላይ ግን ድምፁን ቅረጹ። በ1984 የ40 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ 80 አልፎታል። ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ወላጆችም አግዟቸው፤ አያትየው ፊት ተቀምጣችሁ ልጁ ያልገባውን ቃል ተርጉሙለት። ሲያወሩ አታቋርጧቸው፤ በዕብራይስጥ እንዲናገሩም አታስጨንቋቸው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ቤታቸው፣ ስለ ጸሎታቸው፣ ስለ ጨዋታቸው በለመዱት አፍ ይናገሩ። የሮማውያኑን ድምፅ የሚነግረን ሰው ስለጠፋ ሆሊውድ የፈለገውን አፍ ሰጣቸው። የአያቶቻችንን ድምፅ ግን ዛሬም መስማት እንችላለን። ነገ የሚሠራው ፊልም የሚያዳምጠው ነገር እንዲኖረው ዛሬ ሄዳችሁ «እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩኝ» በሏቸው።